ስድስት ዓመት የነካሁት ቀለም ዛሬ ምን ነካው?

ባለፈው ወር እዚህ ዓምድ ላይ ስለ እጅ መሰነጣጠቅ ሁለት ሦስት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ይሄን ሁሉ ደብዳቤ ያመጣብኛል ብዬ አላሰብኩም። ሁሉንም መመለስ ስለማልችል ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረዣዥሞቹን አሳጥሬ ስምንቱን መርጫለሁ። ስማችሁን አልጻፍኩም። ሥራችሁን ግን ጽፌያለሁ፤ ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልገኝ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1700 ራማዚኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም፣ ሐኪሞች በሽተኛውን ከሚጠይቁት ላይ አንድ ጥያቄ እንዲጨምሩ መክሮ ነበር፤ "ሥራህ ምንድን ነው?" ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ዛሬም ይህችን ሳይጠየቅ ቅባት ታዞለት የሚወጣ ሰው ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ፀጉር ሠሪ ነኝ፣ ሥራውን ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ካለፈው ዓመት ወዲህ የጣቶቼን መሀል ያሳክከኛል፣ ትንንሽ ውሃ የቋጠሩ ነገሮች ይወጡብኛል፣ ከዚያ ይፈነዱና ቆዳው ይሰነጠቃል። አንዳንዴ የዐይኔ ቆብ አብጦ አድራለሁ። እረፍት ስወጣ ይሻለኛል። ባልደረቦቼ ቀለሙ ነው ይሉኛል። እኔ ግን አይመስለኝም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ የነካሁት ቀለም ዛሬ ምን ነካው? ደግሞ ጓንት አደርጋለሁ። በቅርቡ ሻምፖ ቀይረን ነበር፣ እሱ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ባልደረቦችሽ ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም።

"ይሄን ሁሉ ዓመት ሳይነካኝ" የምትለዋን ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አልነግርሽም። ሰው አለርጂ ሲባል አዲስ ነገር ነው የሚፈልገው፤ ትናንት የተገዛ ሳሙና፣ የተቀየረ ሻምፖ። እንዲህ ያለው የቆዳ አለርጂ ግን ከማታውቂው ነገር ጋር አይጀምርም። መጀመሪያ መተዋወቅ አለ። የሰውነትሽ መከላከያ ሴሎች ያንን ኬሚካል እንደ ጠላት መዝግበው እስኪይዙት ቢያንስ አስር ቀን፣ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ብዙ ጊዜ ግን ወራት፣ ሲብስም ዓመታት ይወስዳል። እስከዚያ ድረስ ቆዳው ላይ የሚታይ ምንም ነገር የለም። አንድ ቀን ምዝገባው ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ትንሽ ጠብታ ይበቃል፣ የተመዘገበው ደግሞ በአብዛኛው ዕድሜ ልክ አይፋቅም። ስለዚህ ስድስት ዓመት መልመድሽ ቀለሙን ነፃ አያወጣውም፤ እንዲያውም ጥርጣሬው ወደሱ እንዲያደላ ያደርገዋል።

ሁለተኛው አሳሳች ነገር ጊዜው ነው። ንብ ስትነድፍ ወዲያው ታውቂያታለሽ። ይሄኛው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ሰኞ የነካሽው ረቡዕ ያሳክክሻል፤ ረቡዕ በእጅሽ የያዝሽው ደግሞ ሻምፖ ነው። በቃ፣ ሻምፖው ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል።

ጥቁርና ቡናማ ቋሚ ቀለም ውስጥ ያለው ዋና ተጠርጣሪ ፓራፌኒሊንዲያሚን ይባላል፤ በአጭሩ ፒፒዲ። ፀጉር ውስጥ ዘልቆ ለመግባት በጣም ትንሽ ሞለኪውል መሆን አለበት፣ ኦክሲጅን ከምትሉት ፈሳሽ ጋር ሲበጠበጥ ነው እዚያው ፀጉሩ ውስጥ ተያይዞ አድጎ ቀለም የሚሆነው። ያው ትንሽነቱ ነው ቆዳሽም ውስጥ የሚያሰርገው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ከዚህ በፊት "ጥቁር ሂና" በሚል ቆዳሽ ላይ ስዕል ተስለሽ ታውቂያለሽ? እውነተኛ ሂና ጥቁር አይደለም፣ ወደ ቀይ ቡናማ ነው የሚያደላው። የሚያጠቁረው ብዙ ጊዜ ይሄው ፒፒዲ ነው፣ ያውም ሳይለካ የተጨመረ። አለርጂውን ከዚያ ይዘው የሚመጡ አሉ።

አሁን ወደ ጓንቱ። አደርጋለሁ ብለሻል፣ እሺ፣ መቼ? ስትቀቢ ታደርጊያለሽ። ስታጥቢስ? ፀጉሩ ይያዝብኛል፣ የውሃው ሙቀት አይታወቀኝም ብለሽ ታወልቂዋለሽ አይደል? ያን ጊዜ ነው ቀለሙ በጣቶችሽ መሀል የሚወርደው። አዲስ የተቀባ ፀጉር ስትቆርጪስ? ለዚህ ነው መጀመሪያ ቆርጦ ከዚያ መቀባት የሚመከረው፤ ቅደም ተከተል መገልበጥ ምንም አያስወጣም። ጓንቱን አጥበሽ ለነገ ታስቀምጪዋለሽ? ገልብጠሽ ታጠልቂዋለሽ? ከሆነ ቀለሙን እጅሽ ላይ አሽገሽ እየዋልሽ ነው። ወደ ክንድሽ ከፍ የሚል የናይትራይል (ሰው ሠራሽ ጎማ) ጓንት፣ ለአንድ ደንበኛ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ቅርጫት።

የዐይን ቆብ ከሰውነታችን ስስ ከሆኑት ቆዳዎች አንዱ ነው። መዳፍ የቻለውን እሱ አይችልም። ቀለም የነካ ጣት አንዴ ዐይን ካሸ አለቀ። ብዙ ሰው "እጄ ደህና ነው፣ ዐይኔ ነው የሚያብጠው" ብሎ ዐይን ሐኪም ጋ ይሄዳል።

ሥራውን ልተወው ወይ ብለሽ አልጠየቅሽም፣ ግን ደብዳቤሽ ውስጥ ይሸተኛል። አትቸኩዪ። መጀመሪያ ፓች ቴስት የሚባለው የቆዳ ምርመራ ይሠራልሽ (መጨረሻ ላይ ለቀለም ቀቢው የጻፍኩትን አንብቢ)፣ ጥፋተኛው ይታወቅ። ፒፒዲ ከሆነ "ፒፒዲ የሌለው" የሚል ቀለም ስታገኚ ጽሑፉን እስከ መጨረሻ አንብቢ። በቦታው ብዙ ጊዜ የሚገባው ቶሉይንዲያሚን የቅርብ ዘመዱ ነው፣ አንዱን የጠላ ቆዳ ሌላውንም ሊጠላ ይችላል። ደግሞ ፀጉር የሚያነጣውን ዱቄት ስትበጠብጪ የሚያስነጥስሽ ወይም ደረትሽን የሚያፍንሽ ከሆነ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ዱቄቱ ውስጥ ያለው ፐርሰልፌት አስም ያስነሳል፣ እሱ ቀጠሮ አይጠብቅም።

ጥያቄ፦ ሃያ ሁለት ዓመት በግንበኝነት ሠርቻለሁ። እጄ እንደ ደረቅ መሬት ተሰነጣጥቋል፣ የእግሬም ላይኛው በኩል ያሳክከኛል፣ ይቆስላል። የቆዳ ጓንት ገዝቼ ማድረግ ከጀመርኩ ጭራሽ ባሰብኝ። ሲሚንቶ ሁሉም ሰው ይነካል፣ እኔን ብቻ ምን ለየኝ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ሲሚንቶ ሁለት ዓይነት ጉዳት ያደርሳል፣ ሁለቱም እርስዎ ላይ ያሉ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ማንንም አይለይም። ውሃ የነካው ሲሚንቶ ፒኤቹ ከ12 በላይ ነው፣ ማለትም ቆዳን ይበላል። ተንኮሉ መጀመሪያ ላይ አለማመሙ ነው። ሊሾ ላይ ተንበርክከው ሲሠሩ ሱሪው ይርሳል፣ ወይም ማልታው በቦት ጫማው አፍ ይገባል፣ ሥራው ሳያልቅ ማን ያወልቃል? ማታ ሲያወልቁ ጉልበት ላይ ወይም ቁርጭምጭሚት ላይ ጥቁር የሆነ ቁስል ይገኛል። ያ አለርጂ አይደለም፣ ቃጠሎ ነው። የራሰውን ልብስ ወዲያው አውልቆ በብዙ ንጹህ ውሃ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም። ንጹህ ውሃ ስል ካዞላው የታጠበበትን ባልዲ ማለቴ አይደለም። ሳይት ላይ እጁን በዚያ ባልዲ የሚለቀለቅ ሰው አይቻለሁ፤ እሱ መታጠብ አይባልም፣ ሲሚንቶ መቀባት ነው።

ሁለተኛው ሰው የሚለየው ነው፣ እሱም ክሮሜት ይባላል። ሲሚንቶ የሚሠራበት ድንጋይና አፈር ውስጥ ጥቂት ክሮሚየም አለ፣ ምድጃው ውስጥ ያለው ከባድ ሙቀት ነው ወደ መጥፎው ዓይነት፣ ውሃ ውስጥ ወደሚሟሟው ክሮሜት የሚቀይረው። በውሃና በላብ ተሟሙቶ ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ በዓመታት ውስጥ ደግሞ አንዳንድ ሰው ላይ አለርጂ ይሆናል። የእርስዎ ቆዳ መጀመሪያውኑ በሲሚንቶው ተበልቶ በሩ ክፍት ስለሆነ መግቢያ አላጣም። ዴንማርክ ይሄን ዐውቃ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሲሚንቶ ውስጥ ፌረስ ሰልፌት የሚባል የብረት ጨው ማስጨመር ጀመረች። እሱ ክሮሜቱን ጉዳት ወደማያደርሰው ዓይነት ይመልሰዋል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ2005 ጀምሮ ከሚሊዮን እጅ ሁለት እጅ በላይ ክሮሜት ያለው ሲሚንቶ በእጅ ለሚሠራ ሥራ እንዳይሸጥ ከለከለ። በግንበኞች ላይ የሚታየው የክሮሜት አለርጂ ከዚያ ወዲህ ቀንሷል። ጨው የተጨመረበት ከረጢት ላይ ቀን የሚጻፈው ለዚህ ነው፤ ብዙ ከቆየ ወይም እርጥበት ካገኘው የጨመሩበት ነገር ኃይሉ ይደክማል።

አሁን ወደ ቆዳ ጓንቱ። አብዛኛው ቆዳ የሚለፋው በክሮሚየም ነው። ገባዎት? ከሲሚንቶው እጅዎን ለማዳን ብለው የገዙት ጓንት ውስጥ ያው ነገር አለ፣ ላብ ሲነካው ይለቃል። ጫማዎም የቆዳ ከሆነ የእግርዎ ነገር ከዚያ ሊሆን ይችላል። ጓንቱን ይተዉትና ውስጡ ጥጥ የሆነ፣ ላዩ ናይትራይል ወይም ጎማ የተነከረ ይያዙ፤ ውስጡ ሲርስ ይቀየር። ለእግርዎ የጎማ ቦት፣ ሱሪው ከቦቱ ውጪ እንዲወርድ እንጂ ውስጥ እንዳይከተት።

አንድ የማይጥም ነገር ልንገርዎት። የክሮሜት አለርጂ ግትር ነው። ሥራውን የተዉ ሰዎች ላይ እንኳ ዓመታት ሲቆይ ይታያል። ስለዚህ "ጡረታ ስወጣ ይለቀኛል" ብለው አያቆዩት፣ አሁን ይመርመሩ።

ጥያቄ፦ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። እጄ ቀልቶ ስለተሰነጣጠቀ አብረውኝ የሚሠሩት በእኔ ኩባያ አይጠጡም። ይተላለፋል እንዴ?

መልስ፦ አይተላለፍም፣ እናቴ። ይሄን ገጽ ቀድደሽ አሳዪያቸው። ብቻ እርግጠኛ ለመሆን፣ ማታ ማታ ሰውነትሽን ሁሉ የሚያሳክክሽና አብሮሽ የሚተኛውንም የሚያሳክከው ከሆነ እከክ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ይተላለፋል፣ መድኃኒትም አለው። የጻፍሽልኝ ግን እጅ ላይ ብቻ ነው።

ያንቺ ምናልባት አለርጂም ላይሆን ይችላል። ከሥራ ከሚመጣ የእጅ ችፌ አብዛኛው የውሃና የሳሙና ጉዳት ነው። በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ እጁ እርጥብ የሚውል፣ ወይም ከሃያ ጊዜ በላይ የሚታጠብ ሰው አደጋ ውስጥ ነው፤ በልጅነቱ ችፌ የነበረበት ከሆነ ደግሞ ይብስበታል። ረጅም ጓንት አድርጊ፣ ከሥሩ ስስ የጥጥ ጓንት። ቀለበትሽን አውልቂ፤ ሳሙና ከቀለበት ሥር ገብቶ ሲቀር ችፌው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነው። ቫዝሊን በየታጠብሽ ቁጥር ተቀቢ። ቆዳው የዳነ ሲመስልሽ አትዘናጊ፣ ውስጡ እስኪጠግን ከዚያም በላይ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል። እና እባክሽን በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አታደባልቂ፤ የቆዳ ነገር ባይሆንም ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። የእጄ አንጓ ላይ፣ ልክ ጓንቱ የሚያልቅበት ቦታ፣ ቀይ መስመር ሠርቶ ያሳክከኛል። የላቴክስ አለርጂ ነው ተብዬ ከላቴክስ ነፃ ጓንት ተሰጠኝ። ምንም ለውጥ የለውም።

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ሳነብ ሳቄ መጣ፣ ባንቺ አይደለም፣ በራሴ። ተለማማጅ ሐኪም እያለሁ ልክ ያንቺን የመሰለ መስመር ሁለቱም አንጓዬ ላይ ወጣብኝ። ሳሙና ነው ብዬ ሦስት ጊዜ ሳሙና ቀየርኩ። የሰዓቴ ማሰሪያ ነው ብዬ ሰዓቴን አወለቅሁ፤ ሰዓት ሁለቱም እጅ ላይ እንደማይታሰር እንኳ አላሰብኩም። ጥፋተኛውን በየቀኑ ከካርቶኑ እየመዘዝኩ አጠልቀው ነበር። የቆዳ ሐኪም ልሆን የተነሳሁ ሰው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጓንት ሁለት ዓይነት አለርጂ ያመጣል፣ ሰው ሁለቱንም "ላቴክስ" ይላቸዋል። አንደኛው ከጎማው ዛፍ በሚመጣው ፕሮቲን ነው። እሱ በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚነሳው፤ ቆዳው እንደ ሳማ ልብልብ ይላል፣ አፍንጫ ይፈሳል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሲከፋም ራስን ያስታል። ሙዝና አቮካዶ ሲበላ አፉን የሚያሳክከው የላቴክስ አለርጂ ያለው ሰው አለ፣ ፕሮቲኖቹ ስለሚመሳሰሉ። ድሮ ጓንት ውስጥ ይነሰነስ የነበረው ዱቄት ይሄን ፕሮቲን አየር ላይ ይበትነው ነበር፤ አሜሪካ ዱቄት ያለውን የሕክምና ጓንት እ.ኤ.አ. በ2017 ከገበያ ያወጣችበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ያንቺ ግን ሁለተኛው ይመስለኛል። ጎማ ሲመረት ቶሎ እንዲጠነክር የሚጨመሩ ኬሚካሎች አሉ፤ ታዩራም፣ ካርባሜት የሚባሉ። እነዚህ ላቴክስ ውስጥም ናይትራይል ውስጥም ይገኛሉ። "ከላቴክስ ነፃ" ማለት ከነሱ ነፃ ማለት አይደለም፣ ጓንቱ ተቀየረ እንጂ ኬሚካሉ አልተቀየረም። መምጫውም ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ነው። "ማፍጠኛ ኬሚካል የሌለው" የሚል ናይትራይል ጠይቂ። እስኪገኝ ድረስ ቪኒል ሊያገለግልሽ ይችላል፣ ግን ቶሎ ስለሚቀደድ ደም ለሚነካ ሥራ አላምነውም። የአልኮል ማጽጃውን ደግሞ አቃጠለኝ ብለሽ አትሽሺው። የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ማቃጠሉ አለርጂ አያደርገውም፣ እጅሽ ላይ የሚታይ ቆሻሻ ከሌለ ከሳሙናው ይልቅ ለቆዳሽ የሚራራው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ መካኒክ ነኝ። ከቤንዚን በቀር ግሪስ የሚያስለቅቅልኝ የለም፣ እጄን በሱ ነው የምታጠበው። ይጎዳል?

መልስ፦ ይጎዳል። ግሪሱን ብቻ ሳይሆን የቆዳህን የራሱን ቅባትም ይዞ ነው የሚሄደው። ቲነርም ያው ነው። የምግብ ዘይት እሽት አድርገህ በጨርቅ ጥረገው፣ ከዚያ በሳሙና። ግሪስ የጠጣውን ጨርቅ ኪስህ አትክተተው፤ ታፋህ ላይ ብጉር የመሰለው ነገር ከየት እንደመጣ ያኔ ታውቀዋለህ።

ጥያቄ፦ ፋርማሲ የሰጡኝ ቅባት በሁለት ቀን ያድነኛል፣ ሳቆም ይመለሳል። አሁን ፊቴም ላይ ስለወጣ እየቀባሁት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ልቀባው? (የመጋዘን ሠራተኛ)

መልስ፦ የቅባቱን ስም ጽፈህልኛል፣ ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው። መጥፎ መድኃኒት አይደለም፣ እኔም አዘዋለሁ፤ ለእጅ፣ ለተወሰነ ሳምንት፣ እያየሁ። ነገር ግን ሥራ ቦታህ ያለውን ነገር በየቀኑ እየነካህ ቅባቱን መቀባት ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል መወልወል ነው። ከፊትህ ላይ ደግሞ አቁም፤ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ የደም ሥር ያወጣል፣ ብጉርም ያመጣል። ረጅም ጊዜ ቀብተኸው ከሆነ ስታቆም ለጊዜው ሊብስብህ ስለሚችል ለሐኪም አሳይተህ አቁም። ሌላም አለ። የያዘህ ጭርት ከሆነ ስቴሮይድ ማሳከኩን ያስታግሰዋል እንጂ ፈንገሱን ይመግበዋል። አንድ እጅህ ላይ ብቻ ከሆነ ጫማህን አውልቅና የእግርህን ጣቶች መሀል እይ። እና ቅባቱ ኒዮማይሲን የሚባል ፀረ ባክቴሪያ የተቀላቀለበት ከሆነ ራሱ ቅባቱ አለርጂ ሊሆንብህ ይችላል፣ መድኃኒቱ በሽታ ሆኖ አረፈው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ጥፍር ሠሪ ነኝ፣ በጄል ነው የምሠራው። የጣቶቼ ጫፍ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ጥፍሬም ከሥጋው እየተላቀቀ ነው። አንዳንድ ደንበኞቼም ያሳክከናል ማለት ጀምረዋል። ማንን ልክሰስ?

መልስ፦ ያልደረቀውን ጄል። ጄሉ አክሪሌት ከሚባሉ ኬሚካሎች ነው የሚሠራው፣ ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሳው ሄማ የሚባለው ነው። መብራቱ ሥር ገብቶ ድርቅ ካለ በኋላ ያን ያህል አያስፈራም። የሚያስፈራው ፈሳሽ እያለ ቆዳ ከነካ ነው፤ ከጥፍሩ ወጥቶ ጠርዙ ላይ የፈሰሰው፣ በጣትሽ የምትጠርጊው፣ የጠርሙሱ አንገት ላይ የተዝረከረከው። መብራቱ ከጄሉ ጋር የማይሄድ ከሆነ ወይም አምፖሉ ከደከመ ላዩ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ ስትሞርጂው የሚነሳው አቧራም ፊትና ዐይን ቆብ ላይ ያርፋል።

ተራ ጓንት አድርጌ ተረፍኩ አትበዪ። አክሪሌት ስሱን ጓንት በደቂቃዎች ውስጥ ዘልቆ ያልፋል። ናይትራይል ይሻላል፣ ጄል ሲነካው ግን ያኔውኑ አውልቀሽ መጣል ነው። ዋናው ነገር ላለመንካት የእጅ አሠራርን ማስተካከል ነው፤ ጄሉ ቆዳውን ሳይነካ ጥቂት ቦታ ትቶ መቀባት፣ ብሩሹን ጫፉ ላይ ሳይሆን ራቅ አድርጎ መያዝ። ደንበኛሽ ካሳከካት አውልቂላት፣ ደግመሽ አትቀቢያት።

ደግሞ አለርጂው ከተረጋገጠ ለጥርስ ሐኪምሽ ንገሪው። ጥርስ የሚሞላበት ነገርም የዚሁ ቤተሰብ ነው። የጉልበት ወይም የዳሌ አንጓ ሲተካ የሚያገለግለው ማጣበቂያም እንዲሁ። ዛሬ ሃያ አምስት ዓመትሽ ነው፣ ለምን ይሄን ትነግረኛለህ ትዪኝ ይሆናል። የሕክምና ካርድሽ ላይ ይጻፍልሽ፣ ሌላ አልፈልግም።

ጥያቄ፦ ቀለም ቀቢ ነኝ። በውሃ የሚበጠበጠው ቀለም ምንም አያደርግም ይባላል፤ እኔ ግን የተቀባ ክፍል ውስጥ ስገባ ምንም ሳልነካ ፊቴ ያብጣል። ፓች ቴስት አድርግ ተባልኩ። መርፌ አለው? ሥራስ ማቆም አለብኝ?

መልስ፦ በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም እንዳይሻግት ማቆያ ይጨመርበታል። ከነዚህ ውስጥ ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን የሚባል አለ፣ በአጭሩ ኤምአይ። ይሄ ነገር ግድግዳው ከደረቀ በኋላ እንኳ ለሳምንታት ወደ አየር ይተናል፣ ለዚህ ነው ሳትነካው የሚነካህ። አንድ ነገር ልገምት፦ እጅህን በእርጥብ መጥረጊያ ሶፍት ነው የምትጠርገው? አንዳንዱ ውስጥ ይሄው ኤምአይ ይኖርበታል። የአውሮፓ ኅብረት ቆዳ ላይ ተቀብተው ከሚቀሩ መዋቢያዎች ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 አግዶታል፣ ቀለም ግን መዋቢያ አይደለም።

ፓች ቴስት መርፌ የለውም። የጀመረው ያዳሶን የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1895 ሲሆን ሐሳቡ እስካሁን አልተቀየረም፤ የተጠረጠረውን ነገር በትንሽ መጠን ቆዳ ላይ አሽጎ መጠበቅ። ጀርባህ ላይ ትንንሽ ክብ ማስቀመጫ ያላቸው ፕላስተሮች ይለጠፋሉ፣ እያንዳንዱ ክብ ውስጥ አንድ ኬሚካል አለ። ሠላሳም አርባም ሊሆን ይችላል። በማርከር ቁጥር ይጻፍበታል። ሁለት ቀን አይነሳም። በነዚያ ቀናት ጀርባህን አትታጠብም፣ ሲሚንቶ አትሸከምም፣ አታልብም። ሥራ ማቆም ሳይሆን ከባዱን ለሰው መተው ነው። በሁለተኛው ቀን ይነሳና ይታያል፤ እዚህ ጋ ብዙ ሰው አንዴ ታይቶ ጨርሻለሁ ብሎ ይቀራል፣ ትልቅ ስሕተት ነው። በአራተኛው ቀን እንደገና መታየት አለበት፣ ለአንዳንዱ ኬሚካል በሰባተኛውም። አለርጂው ይዘገያል ብዬ ከላይ ለፀጉር ሠሪዋ ጽፌያለሁ፣ ጀርባህ ላይም እንደዚያው ነው። አለርጂ የሆነብህ ቦታ ቀልቶ፣ ከፍ ብሎ፣ አንዳንዴ ውሃ ቋጥሮ ታገኘዋለህ።

ከመምጣትህ በፊት አንድ ሳምንት ጀርባህ ላይ ስቴሮይድ አትቀባ። የሚዋጥ ስቴሮይድ ላይ ከሆንክ ተናገር። የአለርጂ ክኒን ግን ለዚህ ምርመራ አያስቸግርም። የምትሠራባቸውን ቀለሞች ስምና በጣሳው ላይ የተጻፈውን በስልክህ ፎቶ አንስተህ ና፣ የምታደርገውን ጓንትና የምትጠርግበትን ሶፍት ደግሞ በአካል አምጣ። ቤትህ ውስጥ ቀለሙን ክንድህ ላይ ቀብተህ "ልሞክረው" እንዳትል፤ ጥሬውን ነገር ስትቀባ ማንንም ያቆስላል፣ አለርጂ ይሁን ቃጠሎ አይለይም። እና ውጤቱ ላይ አንድ ነገር ቀላ ማለት እሱ ነው ጥፋተኛው ማለት አይደለም። ኒኬል ሊቀላ ይችላል፤ ያ ቀበቶህን ወይም የጆሮ ጌጥን ይመለከት ይሆናል እንጂ ከፊትህ ጋር ላይገናኝ ይችላል። ለዚህ ነው ፎቶዎቹን የምፈልገው።

ነጭ ሸሚዝ ግን ለብሰህ አትምጣ። ማርከሩ አይለቅም።